ስለ ማዘጋጃ ቤት ውትወታና ስለ መዝገቡ ሕግ

ደጅ መጥናት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ጉዳይ ያለው ሰው በባለሥልጣኑ ደጅ ይቆማል፤ ቀን ይቆጥራል፤ አልሆን ሲለው አማላጅ ይልካል፤ አማላጁም እንደ ዐቅሙ እጅ መንሻ ይዞ ይገባል። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ማን በማን ደጅ እንደ ቆመ ሰፈሩ ያውቀው ነበር። ዛሬ በታላላቅ ከተሞች የሚደረገው ደጅ ጥናት ደጅ የለውም። በስልክ፣ በምሳ ግብዣና በጨዋታ ሜዳ ይፈጸማል፤ ደጅ ጠኚውም ብዙ ጊዜ ባለጉዳዩ ራሱ ሳይሆን ለዚሁ ሥራ ገንዘብ የሚከፈለው ሰው ነው። በእንግሊዝኛ ሎቢ የሚባለው ይኸው ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ሥራውን ውትወታ፣ ሠሪውን ወትዋች እንለዋለን።

ውትወታ በራሱ ወንጀል አይደለም። ዜጋም ሆነ ነጋዴ ሐሳቡን ለሹም የመግለጽ መብት አለው፤ ሹሙም ሳይሰማ ቢወስን ይሳሳታል። ስለዚህ የምንገልጸው ሕግ ውትወታን የሚከለክል ሳይሆን በመዝገብ እንዲጻፍ የሚያስገድድ ነው። የመዝገቡም ዋጋ ከቅጣቱ ክብደት ይልቅ ወትዋች ማን እንደ ሆነና በስንት ቀን ውስጥ መጻፍ እንዳለበት በሚወስኑት አንቀጾች ላይ የተመሠረተ ይመስለናል። ለምሳሌ የመረጥነው የቶሮንቶን ከተማ ነው፤ በካናዳ ከማዘጋጃ ቤቶች ሁሉ አስቀድሞ እንዲህ ያለ መዝገብ ያቋቋመው እርሱ ነውና። ዘመኑን የምንጠቅሰው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ስለ ውትወታ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ አገር ምክር ቤት ነው። ነገር ግን ለወትዋች ማዘጋጃ ቤት ይበልጥ ይመቸዋል፤ ማዘጋጃ ቤት ደንብ አውጪም ገበያተኛም ነውና። ቆሻሻ የሚያነሣ መኪና ይገዛል፤ የመንገድ ሥራ ያጫርታል፤ ኮምፒዩተር ይከራያል፤ ከሁሉም በላይ በአንድ ቦታ ላይ ስንት ፎቅ ሊሠራ እንደሚቻል ይወስናል። በ4 ፎቅ ተወስኖ የነበረ ቦታ 40 ፎቅ ቢፈቀድለት፣ አንድ ድንጋይ ሳይነሣ የቦታው ዋጋ በአንድ ቀን ስብሰባ ይለወጣል። በቶሮንቶ ደግሞ የምክር ቤቱ አባሎች በፓርቲ ስም የሚመረጡ አይደሉም። ከ2018 ወዲህ 25 አባሎችና አንድ ከንቲባ ናቸው፤ በተለመደው አሠራር 14 ድምፅ ያገኘ ሰው ጉዳዩ ይፈጸምለታል። በአገር ምክር ቤት የፓርቲውን መሪዎች ማሳመን ሊበቃ ይችላል፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው ይለመናል።

መዝገቡ እንዲቋቋም ምክንያት የሆነው አንድ የኪራይ ውል ነው። በ1998 ሰባት ማዘጋጃ ቤቶች ተዋሕደው አዲሱ ቶሮንቶ ሲመሠረት የየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ልዩ ልዩ ነበር፤ የ2000 ዓመት ሲገባ መሣሪያዎቹ ቀን ይስታሉ የሚለውም ፍርሃት ሁሉን ያጣድፍ ነበር። በ1999 ምክር ቤቱ 43 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ለሚያወጣ የኮምፒዩተር ኪራይ ፈቀደ። ኋላ ሲመረመር ወጪው ከ80 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኘ። ነገሩን እንዲያጣሩ የተሾሙት ዳኛ ዴኒዝ ቤላሚ 214 ቀን ችሎት ተቀምጠው 156 ምስክሮች ከሰሙ በኋላ፣ በ2005 ባወጡት መግለጫ 241 የማሻሻያ ሐሳቦች አቀረቡ።

ከዚህ ምርመራ እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን የምሳው፣ የጎልፉና የሆኪ ጨዋታው ታሪክ ነው። ሻንጣ ሙሉ ገንዘብ ለማየት የሚጓጓ አንባቢ መግለጫው ሳይሰለቸው አይቀርም። የኩባንያ ሰው ሹሙን ምሳ ይጋብዛል፤ ሌላ ጊዜ ጨዋታ ያሳየዋል፤ ሹሙም «በአንድ ምሳ ማን ይገዛኛል?» ይላል፤ ለአንዲቱ ምሳም እውነቱን ነው። በአሥረኛው ግብዣ ግን ሁለቱ ወዳጆች ሆነዋል። ወዳጅ ያቀረበውን ውል ደግሞ እንደ ባዕድ ውል መስመር በመስመር የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። ዳኛዋም ውትወታ ይቅር አላሉም፤ ይታወቅ አሉ እንጂ።

በ2006 የወጣው የቶሮንቶ ከተማ ሕግ ማዘጋጃ ቤቱ የወትዋቾች መዝገብ እንዲያቋቁም አስገደደ፤ በየካቲት ወር 2008 መዝገቡ ሥራ ጀመረ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ወትዋቹ አስቀድሞ ስሙን፣ ስለ ማን እንደሚናገርና ጉዳዩ ምን እንደ ሆነ ያስመዘግባል። ከዚያ ከምክር ቤት አባል፣ ከአባሉ ጸሓፊዎች ወይም ከማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ ጋር ሲነጋገር፣ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ከማን ጋር በየትኛው ቀን እንደ ተነጋገረ ይጽፋል። መዝገቡን ማንም ሰው ያለ ክፍያ መመልከት ይችላል። ወትዋች ስጦታ መስጠት አይፈቀድለትም፤ በእኛ ቋንቋ እጅ መንሻ ቀርቷል ማለት ነው። «ጉዳዩ ሲፈጸምልኝ እከፍልሃለሁ» የሚል ውልም ክልክል ነው። ከፍተኛ ሹም የነበረ ሰው ሥራውን ከለቀቀ በኋላ 12 ወር ሳይሞላው ወትዋች ሊሆን አይችልም። ደንቡን የጣሰ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 25,000 ዶላር፣ ቢደግም እስከ 100,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል።

ልብ ልንለው የሚገባው፣ የመጻፍ ግዴታው የተጣለው በዋናነት በተናጋሪው ላይ መሆኑን ነው። ስለዚህም ወትዋች ማነው የሚለው ጥያቄ ሁሉን ይወስናል። በምክር ቤቱ ወይም በኮሚቴው ግልጽ ስብሰባ ቀርቦ የሚናገር ሰው ወትዋች አይባልም፤ የተናገረውን ሁሉም ሰምቶታልና። የሰፈሬ መንገድ ተበላሸ ብሎ ለመረጠው አባል የሚያመለክትም እንዲሁ። በ2016 የጸደይ ወራት ምክር ቤቱ የኡበርን ሥራ ሕጋዊ የሚያደርግ ደንብ ሲያወጣ የታክሲ ነጂዎቹ እንጀራ ተነክቶ ነበር፤ ከእነዚህም መካከል የአገራችን ልጆች አሉ። አንድ ነጂ የዕለት ሥራውን ትቶ ኮሚቴ ፊት ቢቀርብ የሚናገረው በተመደበችለት ጥቂት ደቂቃ፣ በሰው ሁሉ ፊት ነው። የኩባንያ ወትዋች ግን በሹሙ ቢሮ ተቀምጦ ሳይቸኩል ያስረዳል። መዝገብ ከሌለ ነጂው የሚከራከረው ማን መቼ ከማን ጋር እንደ ተነጋገረ ሳያውቅ፣ ከማያየው ሰው ጋር ነው። የታክሲ ባለንብረቶችም ወትዋች ሲቀጥሩ ግዴታው ያው ነው።

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ መዝገቡ ገንዘብ ላለው ሰው የክብር ደብተር ከመሆን አያልፍም ብለው ተከራክረውናል። በከፊል እንቀበላቸዋለን። መዝገቡ ማን ከማን ጋር እንደ ተነጋገረ እንጂ የተባባሉትን ቃል በቃል አይነግረንም፤ ነጂውንም ከኩባንያው እኩል አያደርገውም። ሆኖም ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት «ከእገሌ ጋር ሦስት ጊዜ ተገናኝተሃል፤ እኔንስ ለምን አልሰማህም?» ብሎ ለመጠየቅ ያስችለዋል። በፊት የሚለው ቃል እዚህ ላይ ከባድ ነው። ኦታዋ በ2012 የራሱን መዝገብ ሲያቋቁም የሰጠው ጊዜ 15 የሥራ ቀን ነው፤ ይኸውም ሦስት ሳምንት ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ምክር ቤት ተሰብስቦ ወስኖ ሊበተን ይችላል። የኦታዋ ደንብ በዚህ ረገድ ደካማ መሆኑን ለመናገር አናመነታም።

ከሁሉ የሚከብደው የትንሽ ከተማ ነገር ነው። በዚያው በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ኮሊንግውድ የምትባል ከተማ በ2012 የመብራት ድርጅቷን ግማሽ ድርሻ ሸጠች። በጊዜው የከንቲባዋ ወንድም ገዢው ኩባንያ የሚከፍለው አማካሪ ነበር። ነገሩ በችሎት ተመርምሮ ዳኛ ፍራንክ ማሮኮ በ2020 መግለጫቸውን ሲያወጡ የማሻሻያ ሐሳቦቹ 306 ደረሱ። በቶሮንቶ ወትዋቹ ቀጠሮ ይዞ ወደ ቢሮ ይገባል፤ ቀጠሮውም ይመዘገባል። ወንድምና እኅት በአንድ ገበታ ዙሪያ ሲቀመጡ ግን ወሬው የት ላይ አብቅቶ ውትወታው የት ላይ እንደሚጀምር፣ 3 ቀኑም ከየትኛው ጉርሻ እንደሚቈጠር የሚያሳይ አንቀጽ እስካሁን አላገኘንም።