ከአሮጌ ወደ አዲስ ኮምፒውተር የሚዛወሩ አካላት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ተገልጋዮች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ተጠናቋል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የተሰኘ የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ኮምፒውተሮች መስፈርቱን ላያሟሉ ይችላሉ። ይህ ማለት ግን አሮጌው ኮምፒውተር በሙሉ ይጣላል ማለት አይደለም። በተለይ በ2014 ዓ.ም በነበረው ጦርነት ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በርካታ ተቋማት ለዘረፋና ለውድመት በተዳረጉባቸው በደሴና በኮምቦልቻ፣ በአግባቡ የሚሠራ እያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ አለው።

ሊዛወሩ የሚችሉ አካላት

ሞኒተር፣ ኪቦርድና ማውስ መሰኪያቸው ከአዲሱ ኮምፒውተር ጋር እስከተስማማ ድረስ ያገለግላሉ። ሞኒተሩ የቪጂኤ መሰኪያ ብቻ ያለው፣ አዲሱ ኮምፒውተር ደግሞ የኤችዲኤምአይ ከሆነ፣ መቀየሪያ ያስፈልጋል። የሳታ መሰኪያ ያላቸው ሃርድ ዲስክና ኤስኤስዲም፣ በአዲሱ ማዘርቦርድ ላይ ተመሳሳይ መሰኪያ ካለ ይሠራሉ። ሆኖም ብዙ ዓመት ያገለገለ ሃርድ ዲስክ ለመጠባበቂያ እንጂ ለዋና ማከማቻነት አይመረጥም።

ራም ማጣራት ይጠይቃል። ዲዲአር 3፣ ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 የኤሌክትሪክ ፍላጎታቸውና ጥርሳቸው የተለያየ በመሆኑ፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። በኃይል መጫን ራሙንም ማዘርቦርዱንም ያበላሻል። ፕሮሰሰርም የሚሠራው ከሶኬቱ ጋር በሚስማማ ማዘርቦርድ ላይ ብቻ ነው።

ያረጀ ፓወር ሰፕላይን ወደ አዲስ ኮምፒውተር ማዛወር አይመከርም። ሲበላሽ ሌሎች አካላትን ይዞ ሊበላሽ ስለሚችል፣ በዚህ የሚገኘው ቁጠባ ኪሳራን ሊያስከትል ይችላል። ከኤሌክትሪክ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ አደገኛ ኃይል ስለሚቆይ ሽፋኑ ፈጽሞ መከፈት የለበትም።

ከመፍታት በፊት

በቅድሚያ ሰነዶች በሌላ ማከማቻ ይገለበጣሉ። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉ አስቀድሞ መያዝ አለበት፤ ያለ ቁልፉ በሌላ ኮምፒውተር ላይ መረጃውን ማግኘት አይቻልም። ከዚያም ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ ይነቀላል፤ አካላቱን የሚነካው ሰውም ቀለም ያልተቀባ ብረት በመንካት በሰውነቱ ያለውን የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ያስወግዳል።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ኮምቦልቻ ዝቅ ያለችና ሞቃት ናት። ከቅዝቃዜ ወደ ሙቀት የተወሰደ ኮምፒውተር በውስጡ እርጥበት ሊቋጥር ስለሚችል፣ ጥቂት ሰዓት ሳይበራ ማቆየት ተገቢ ነው።

አሮጌውን ዲስክ ለሌላ ሰው ሲያስተላልፉ

ፋይል መሰረዝ ወይም ፈጣን ፎርማት ማድረግ መረጃውን አያጠፋም፤ በቀላል ፕሮግራም መልሶ ማግኘት ይቻላል። የመታወቂያ ቅጂ፣ የባንክ ሰነድ ወይም የደንበኞች መዝገብ የነበረበት ሃርድ ዲስክ ከመሸጡ ወይም ከመሰጠቱ በፊት ሙሉ በሙሉ በላዩ ላይ ሊጻፍበት ይገባል፤ ለኤስኤስዲ ደግሞ አምራቹ ያዘጋጀውን የማጥፊያ ፕሮግራም መጠቀም ያስፈልጋል። የሌሎችን ሰዎች መረጃ የሚይዙ ድርጅቶች በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ኃላፊነት አለባቸው። የመንግሥት ንብረት የሆነ ኮምፒውተር ደግሞ በንብረት አወጋገድ ሥርዓት ሳይወሰን አካላቱ ሊወሰዱ አይችሉም።

የማያገለግሉ አካላት

የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 ይመራል። አሮጌ የካቶድ ሬይ ሞኒተር እርሳስ፣ አንዳንድ ቀደምት ጠፍጣፋ ሞኒተሮች ሜርኩሪ ይይዛሉ። መዳብ ለማግኘት ሽቦ ማቃጠል መርዛማ ጭስ ያስከትላል፤ በየሸለቆው የሚጣለው ቆሻሻም በጎርፍ ተጠርጎ ቦርከና ወንዝ ሊገባ ይችላል። ቦርከና ወደ አዋሽ ተፋሰስ የሚፈስ በመሆኑ፣ ጉዳቱ በሁለቱ ከተሞች ብቻ አይወሰንም። ስለሆነም የማይጠገኑ ዕቃዎች ከቤት ቆሻሻ ተለይተው በደረቅ ቦታ ሊቀመጡ፣ ስለ አወጋገዳቸውም የከተማውን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይገባል።