መንገዱ የጥገና ፈንድ አለው፤ ከመንገዱ በታች ያለው ማሳስ?

ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በሞጣ አድርጎ፣ በአዴት በኩል ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ የጮቄ ተራራን ምሥራቃዊ ተዳፋት ተከትሎ ነው የሚያልፈው። ከላይ ጮቄ፣ ከታች የዓባይ በረሃ አለ፤ በዚህ በኩል ከተራራው የሚወርደው ውኃ መንገዱን ሳያቋርጥ ዓባይ አይደርስም። እንደ ሙጋና ሱሃ ላሉት ወንዞች ድልድይ አለላቸው። ስም የሌለው የክረምት ጎርፍ ግን በመንገዱ የላይኛው ጠርዝ በተቆፈረው ቦይ ይሰበሰብና በየተወሰነ ርቀት በተቀበረ ቱቦ ይሻገራል። ቀድሞ ተበትኖ በየማሳው ይወርድ የነበረው ውኃ አሁን በአንድ አፍ ይወጣል። የመንገዱ ሥራ እዚያ አፍ ላይ ያበቃል፤ የገበሬው ችግርም ከዚያው ይጀምራል። የምለው አንድ ነገር ነው፦ በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ ልማት አካባቢውን ጠብቋል የሚባለው ዳርና ዳሩ ችግኝ ስለተተከለበት አይደለም። የሰበሰበውን ውኃ ጉዳት ሳያደርስ እስከ ወንዝ የማውረድ ግዴታ፣ ከነጥገና ገንዘቡ፣ አብሮ ሲመደብለት ነው።

አፈሩን ሳያዩ ይህን ክርክር መከተል ያስቸግራል። የብቸና ዙሪያ የጤፍ አገር ነው፤ ጤፉን የሚያበቅለው መረሬ ጥቁር አፈር ደግሞ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት አብጦ ይዘጋል፣ ውኃም ያቁራል። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ በማሳው ላይ በማረሻ ፈሰስ እያወጣ ትርፉን ውኃ ያስወግዳል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ የተጠራቀመ ጎርፍ ሲለቀቅበት በጥቂት ክረምት ቦረቦር ይከፈታል፤ ቦረቦሩም ከሥር ወደ ላይ እየተናደ ማሳውን ይበላል። ሃንስ ሁርኒ የተባለው ስዊዘርላንዳዊ ተመራማሪ በኢትዮጵያ ከአንድ ሄክታር የታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምቶ ነበር። ያ ግምት የማሳውን ገጽ የሚመለከት ነው። በዚሁ መንገድ ሌላኛው ጫፍ፣ በባሕር ዳርና በአዴት መካከል በሚገኘው የደብረ ማዊ ተፋሰስ የተካሄዱ ጥናቶች እንዳሳዩት ደግሞ ከቦረቦር የሚወጣው አፈር ከማሳ ገጽ ከሚታጠበው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ ቦረቦር የሚከፍት ሥራ ሁሉ፣ በሌላ በኩል የቱንም ያህል እርከን ቢሠራ፣ ኪሣራው ከትርፉ ሊበልጥ ይችላል ማለት ነው።

የሕዝብ ገንዘብ በዚህ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ትልልቅ ሥራዎች ጎን ለጎን ሄደዋል። አንዱ ቀበሌዎችን ከዋና መንገድ ጋር ያገናኘው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ነው፤ ሌላው ገበሬው በየበጋው በነጻ ጉልበቱ የሚወጣበት የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ነው። መንገዱ በኪሎ ሜትር፣ ዘመቻው በተሠራ እርከንና በወጣ ሕዝብ ብዛት ይለካል። ከቱቦው በታች የተከፈተው ቦረቦር በመንገዱ ሪፖርት ውስጥ አይገባም፤ ያን ቦረቦር በክትር ለመዝጋት የዋለው ጉልበት ግን የዘመቻው ውጤት ሆኖ ይመዘገባል። አንዱ መሥሪያ ቤት ያደረሰው ጉዳት ለሌላው ስኬት ይሆናል፤ ሁለቱም ዕቅዳቸውን ያሳካሉ፣ ገበሬው ብቻ መሬቱንም ጉልበቱንም ይከፍላል። ለመንገዱ ጥገና የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቁሞለታል፤ ዋናው ገቢውም ከነዳጅ ሽያጭ የሚሰበሰበው ክፍያ ነው። ለእርከኑና ለክትሩ ግን እንዲህ ያለ ቋሚ ቋት የለም፤ ያለው በየዓመቱ የሚጠራ ሕዝብ ነው።

ጉዳዩ ብቸናና ሞጣ የሚገኙባቸው የእነማይና የሁለት እጁ እነሴ ወረዳዎች ብቻ እንዳልሆነ ለማየት ወንዞቹን መከተል ይበቃል። ሁሉም ዓባይ ይገባሉ፤ ዓባይም 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ የተሠራውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ይደርሳል። ሕዝቡ ቦንድ እየገዛ ያቆመው ግድብ ሆዱ በደለል እንዳይሞላ ከተፈለገ፣ ጥበቃው የሚጀምረው ከጮቄ ሥር ካለ የመንገድ ቱቦ አፍ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 የልማት ፕሮግራም አካባቢን የማይጎዳ እንዲሆን፣ ሕዝቡም በዕቅዱና በአፈጻጸሙ ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ ይላል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ክፍተቱ ጊዜው ላይ ነው። ግምገማው ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚቀርብ ሰነድ ነው። የተቋራጩ ዋስትናም ከርክክብ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት አያልፍም። ቦረቦር ግን በአንድ ክረምት ጀምሮ በሦስትና በአራት ክረምት ነው የሚሰፋው፤ ጉዳቱ ጎልቶ ሲወጣ ተጠያቂው ሥራውን አስረክቦ ሄዷል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ ድሃ አገር ቅድሚያ መንገድ ያስፈልገዋል፣ የውኃ መውረጃው ቀስ ብሎ ይደርሳል ይባላል። የመንገዱን ጥቅም አልክድም፤ ማዳበሪያ የሚገባው፣ ጤፍ ገበያ የሚወጣው፣ ምጥ የያዛት እናት ሆስፒታል የምትደርሰው በመንገድ ነው። ነገር ግን ከቱቦው እስከ ወንዙ በድንጋይ የተነጠፈ መውረጃ አለመሥራት ወጪውን አያስቀርም፤ ከመንግሥት መዝገብ አውጥቶ ከቱቦው በታች ባለው ባለይዞታ ላይ ይጥለዋል። ለመንገዱ የተወሰደው መሬት ይለካል፣ ካሳም ይገመትለታል፤ በጎርፍ እየተሸረፈ ለሚሄደው ማን ይለካለታል? ወጪው የማይታየው ከፋዩ ስለማይታይ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የተፋሰስ ዘመቻው ይህን ሥራ እየሠራ ነው የሚል ነው። እርከን ውጤት እንደሚያመጣ አንጀኒ ጥሩ ምስክር ናት። በምዕራብ ጎጃም ደምበጫ ወረዳ በሚገኘው በዚህ ተፋሰስ በ1970ዎቹ አጋማሽ የአፈር ጥበቃ ምርምር ተጀምሮ የተሠሩት እርከኖች በዓመታት ውስጥ ገደላማውን ማሳ ደረጃ በደረጃ ደልድለውታል። ይህ የሆነው እርከኑ አንዴ ተቆፍሮ ስላልተተወ፣ እየተጠገነ ከፍ ስለተደረገ ነው። ያልተጠገነ እርከን በደለል ይሞላል፤ ለጥ ባለው መረሬ ላይ በዘፈቀደ የተሠራው ደግሞ ውኃ ስለሚያቁር ገበሬው ራሱ ያፈርሰዋል። ከሁሉ በላይ፣ ማሳ ላይ የሚወርደውን ዝናብ እንዲገታ የተሠራ እርከን በቱቦ ተጠራቅሞ የሚመጣበትን የሌላ ቦታ ጎርፍ አይችለውም።

ሦስተኛው ሕዝብ ማማከር ሥራ ያጓትታል የሚለው ነው። ለዚህ ሞጣና ብቸና የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የሁለቱ አውራጃዎች ገበሬ ግምቱ ርስቱን የሚያስለካበት መስሎት በቂ ማብራሪያ ስላላገኘ አመፀ። ጦር ተላከ፤ በመጨረሻ ግን መንግሥት ውዝፉን ግብር ማረ፣ እንደራሴውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴንም ከጎጃም አነሣ። ሳያማክሩ መጀመር ያን ጊዜ ከማጓተትም አልፎ ሥራውን አስቀርቷል። ዛሬም ጎርፉ በየት እንደሚወርድ፣ የትኛው ሸለቆ እንደሚችለው አሳምሮ የሚያውቀው በዚያ ማሳ ፈሰስ ሲያወጣ የኖረው ገበሬ ነው፤ ቱቦው ከመቀበሩ በፊት እሱን መጠየቅ ከኋላ ቦረቦር ከመድፈን ይረክሳል።

በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ባለው ግጭት መካከል ስለ ቦይ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል። ሰላም ሲወርድ ግን መልሶ ግንባታው በጥድፊያ ይመጣል፤ በጥድፊያ የሚሠራ ሥራ ደግሞ በመሳቢያ ያለውን የድሮ ንድፍ ነው የሚያወጣው። ንድፉ መታረም ያለበት አሁን ነው።

መታረም ያለባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው። የመንገድ ውል ከቱቦው አፍ እስከ ተፈጥሮ ወንዝ ያለውን መውረጃ አንድ ላይ ይያዝ። የመጨረሻው ርክክብ ቢያንስ ከሁለት ክረምት በኋላ፣ ከመንገዱ በታች ያሉት ባለይዞታዎች በተገኙበት ይፈጸም። የመንገድ ጥገና በጀትም ለዚያ መውረጃ ድርሻ ይቁረጥ፤ መንገዱ የሰበሰበው ውኃ የመንገዱ ወጪ ነውና። በትግራይና በአማራ ክልል፣ በኬንያም ማኩዌኒ፣ የመንገድ ጎርፍን ወደ ኩሬና ወደ ማሳ መምራት ተሞክሮ ውጤት አሳይቷል። ዝናብ በሚበዛበት ጎጃም ከማጠራቀሙ ይልቅ በሰላም ማውረዱ ይቀድማል፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው፣ ውኃው ከንድፉ ውጭ አይቀርም። እነዚህ ሦስቱ በውሉ ውስጥ እስካልተጻፉ ድረስ በየምረቃው የሚነገረው የኪሎ ሜትር ብዛት ከማሳው የሄደውን አፈር ያልቀነሰ፣ ግማሽ ሒሳብ ነው።