የእርሻ ቁጥር ሳይያዝ ድጎማ የለም

በአሜሪካ ገጠር መሬት የገዙ ወዳጆቼ፣ መንግሥት ለገበሬ የሚሰጠው ገንዘብ የት እንደሚገኝ ደጋግመው ይጠይቁኛል። በካውንቲው ወይም በአጎራባቹ የግብርና ሚኒስቴሩ የአገልግሎት ማዕከል አለ። ግራ የሚያጋባው ብዙ ጊዜ በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉት ሁለት ቢሮዎች ሥራቸው መለያየቱ ነው። ፋርም ሰርቪስ ኤጀንሲ ብድር ይሰጣል፣ መሬቱንም መዝግቦ የእርሻ ቁጥር ያወጣል። የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ አገልግሎት ደግሞ አፈርና ውኃ ለሚጠብቅ ሥራ ይከፍላል፤ ያለዚያ ቁጥር ግን ውል አይዋዋልም። ስለዚህ የባለቤትነት ሰነድዎን ይዘው መጀመሪያ ወደ ፋርም ሰርቪስ ይሂዱ። ተከራይም ቢሆን የኪራይ ውሉን ይዞ ማመልከት ይችላል።

ኪስ የሚጎዳው ጥድፊያ ነው። ኢኪፕ በተባለው ፕሮግራም የግጦሽ አጥር ወይም የከብት ውኃ መሥመር ለመሥራት ካሰቡ፣ ውሉ ሳይፈረም አካፋ አያንሱ። ልዩ ፈቃድ ከሌለ በቀር ቀድሞ ለተጀመረ ሥራ አይከፈልም። ገንዘቡም በአብዛኛው የሚለቀቀው ሥራው አልቆ ከታየ በኋላ ነው። እርሻ ከጀመሩ 10 ዓመት ያልሞላዎት ከሆነ ግን እንደ ጀማሪ ገበሬ ቢያንስ ግማሹን በቅድሚያ መጠየቅ ይችላሉ፤ የወሰዱትንም በ90 ቀን ውስጥ ሥራ ላይ ማዋል ይጠበቅብዎታል። ጀማሪ መሆንዎን በቅጹ ላይ የሚያስታውቁት እርስዎ ነዎት። ማመልከቻ ዓመቱን ሙሉ ይቀበላሉ፤ ምርጫው ግን እያንዳንዱ ስቴት በሚቆርጠው ቀን ነው፤ ያ ቀን ካለፈዎት ቀጣዩን ዙር መጠበቅ ነው።