የተያያዘ የባቡር ሐዲድና የአገር ኢኮኖሚ

ምርት የአገር ሀብት ሆኖ የሚቈጠረው ከሚመረትበት ቦታ ተነሥቶ ወደሚፈለግበት ቦታ ሲደርስ ነው። በጎተራ የተከማቸ እህል ገዢ ካላገኘ ለባለቤቱ ቀለብ ከመሆን አያልፍም። እህሉን ከገዢው ጋር የሚያገናኘው መጓጓዣ ነው። መጓጓዣው ውድ ከሆነ ገበሬው የሚያገኘው ዋጋ ያንሳል፤ ሸማቹም የሚከፍለው ዋጋ ይበዛል። በመካከል የሚጠፋው ሀብት የማንም አይሆንም። በዚህ ምንባብ የባቡር ሐዲድ ይህን ጥፋት እንዴት እንደሚቀንስ፥ በተለይም ሐዲዶች እርስ በርስ ተያይዘው አንድ መረብ ሲሆኑ ለአገር ምን ጥቅም እንደሚሰጡ እንመለከታለን።

ነገሩን ለመረዳት ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን ምሥራቅ፥ በወረታና በአዲስ ዘመን መካከል ከምትገኘው ከይፋግ እንጀምር። ይፋግ በ19ኛው መቶ ዓመት በበጌምድር ከታወቁት ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። የሲራራ ነጋዴዎች ቅፍለት ከደቡብ ምዕራብ ከቦንጋ ተነሥቶ፥ በሰቃና በአሰንዳቦ አልፎ፥ ዓባይን ተሻግሮ በጎጃም ባሶ ገበያ ይደርሳል። ከዚያም በይፋግ፥ በጎንደርና በአድዋ በኩል እስከ ምጽዋ ወደብ ይዘልቅ ነበር። ወደ ባሕር ቡና፥ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ይወርዳል፤ ከባሕር ደግሞ ጨርቃ ጨርቅና ሌላም የውጭ ዕቃ ይወጣል። በአፋር የጨው ሜዳ የሚቈረጠው አሞሌም በይፋግ ገበያ እንደ ሸቀጥም እንደ ገንዘብም ያገለግል ነበር።

እዚህ ላይ የአሞሌውን ዋጋ ልብ በሉ። በአንድ ብር የሚገዛው የአሞሌ ቁጥር በጨው ሜዳው አቅራቢያ ብዙ ነበር፤ ከዚያ በተራቀ ቁጥር ግን እያነሰ ይሄዳል። ጨው ያው ጨው ነው፤ በመንገድ ላይ የተጨመረበት ነገር የለም። የተጨመረው የመንገዱ ወጪ ብቻ ነው። በቆላው በግመል፥ በደጋው በበቅሎና በአህያ ይጫናል፤ በየማረፊያው ይራገፋል፥ እንደገና ይጫናል። በየኬላው ቀረጥ ይከፈልበታል። ክረምት ሲገባና ወንዞች ሲሞሉ ደግሞ ቅፍለቱ ቆሞ መስከረምን ይጠብቃል። እነዚህ ሦስት ነገሮች፥ ማለትም ጭነትን መገልበጥ፥ በየበሩ መቆምና የጊዜ መባከን፥ ዛሬም የመጓጓዣ ወጪ ዋና ምንጮች ናቸው።

የባቡር ሐዲድ ይህን ወጪ የሚቀንሰው እንዴት ነው? የመጀመሪያው ምክንያት የተፈጥሮ ሕግ ነው። የብረት መንኰራኩር በብረት ሐዲድ ላይ ሲሽከረከር የሚገጥመው ሰበቃ፥ የጎማ መንኰራኩር በአስፋልት ላይ ሲሽከረከር ከሚገጥመው እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ባቡር በተመሳሳይ ጉልበት ከመኪና የበለጠ ጭነት ይስባል። ሁለተኛው ምክንያት ብዛት ነው። እንበልና አንድ ባቡር 50 ፉርጎዎችን ቢጎትት፥ በእያንዳንዱም 60 ቶን ቢጫን፥ ጠቅላላው ጭነት 3,000 ቶን ይሆናል። 40 ቶን በሚጭኑ ባለተሳቢ የጭነት መኪናዎች ይህንኑ ለማጓጓዝ 75 መኪናዎችና 75 ሾፌሮች ያስፈልጋሉ። ከዚህም በላይ መኪናዎቹ የሚያቃጥሉት ነዳጅ ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር ግን በአገር ውስጥ ወንዞች የሚመነጨውን ኃይል ይጠቀማል።

በአገራችን የባቡር ታሪክ ይህን እውነት ያሳያል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ከሰጡ በኋላ፥ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ቀድሞ ቅፍለት ሳምንታት የሚፈጅበት ጉዞ በቀናት የሚፈጸም ሆነ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ በግርጌው በረባዳው ስፍራ ሲያልፍ፥ ድሬዳዋ በዚያው ተቈረቈረች፤ ብዙም ሳትቆይ ታላቅ የንግድ ከተማ ሆነች። ባቡር የነበረውን ንግድ ከማፋጠን አልፎ ያልነበረ ከተማ እንደሚፈጥር ከዚህ እንረዳለን።

ይሁን እንጂ አንድ ሐዲድ ብቻውን የሚሰጠው ጥቅም ውሱን ነው። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችበት ዘመን ሁለት የባቡር መስመሮች ነበሩ። አንዱ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚደርሰው ሲሆን፥ ሁለተኛው ከምጽዋ ተነሥቶ አሥመራንና አቆርዳትን የሚያገናኘው ነበር። ሁለቱ ግን ከቶ አልተገናኙም። ቢገናኙ እንኳ አንዱ ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም የጅቡቲው ሐዲድ ስፋት 1,000 ሚሊ ሜትር፥ የምጽዋው ደግሞ 950 ሚሊ ሜትር ነበር። የ50 ሚሊ ሜትር ልዩነት፥ ማለትም የሦስት ጣት ያህል ወርድ፥ ሙሉ ባቡር አራግፎ እንደገና ለመጫን ያስገድዳል። ይህም በአሮጌው የቅፍለት መንገድ ያየነው ጭነትን የመገልበጥ ወጪ ነው።

ሌሎች አገሮችም ይህን ችግር ቀምሰውታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1869 ምሥራቁንና ምዕራቡን የሚያገናኘው ሐዲድ ሲጠናቀቅ፥ በአትላንቲክና በፓሲፊክ ውቅያኖሶች መካከል ያለው ሰፊ ምድር አንድ ገበያ ለመሆን በቃ። የደቡቡ ክፍል ሐዲድ ግን ከሌላው ሰፋ ያለ ስለነበረ፥ በየመገናኛው ዕቃ መገልበጡ ቀጠለ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1886 ግንቦት ወር መጨረሻ ላይ የደቡብ ኩባንያዎች ተስማምተው፥ በሺህ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ሐዲዳቸውን በሁለት ቀን ውስጥ አጠበቡት። አገርን አንድ ገበያ የሚያደርገው የሐዲዱ ርዝመት ብቻ ሳይሆን መገጣጠሙም ጭምር መሆኑን ይህ ያስረዳል።

በኢትዮጵያ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የአዲስ አበባ-ጅቡቲ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ የንግድ አገልግሎቱንም በ2010 ዓ.ም. ጀመረ። ስፋቱ በብዙ የዓለም ክፍል የተለመደው 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ወልድያና ሐራ ገበያ የሚሄደው ሌላው መስመር ሥራ በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ፥ አብዛኛው ሐዲድ ቢዘረጋም አገልግሎት ሳይጀምር ለዓመታት ቆይቷል። በአገሪቱ የባቡር መረብ ዕቅድ ውስጥ ደግሞ ከሐራ ገበያ በወረታና በአዘዞ በኩል እስከ መተማ የሚዘልቅ መስመር ተካቶ ነበር። ይህ ቢፈጸም የጅቡቲው ባሕር በር በአንድ ወገን፥ የሱዳን መንገድ በሌላ ወገን ይያያዛሉ፤ ይፋግም ከሐዲዱ ብዙ ሳትርቅ ትገኛለች። የሱዳን ሐዲድ ስፋት 1,067 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ግን፥ የመገጣጠሙ ጥያቄ በድንበሩ ላይ እንደገና ይነሣል።

እንግዲህ ሐዲዱ ቢደርስ ለይፋግና ለፎገራ ገበሬ ምን ያመጣለታል? የፎገራ ሜዳ በሩዝ ምርት የታወቀ ነው። ከጅቡቲ በረጅም መንገድ የሚመጣው ማዳበሪያ በርካሽ ቢጓጓዝ፥ የገበሬው ወጪ ይቀንሳል። ሩዙም በርካሽ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ቢደርስ፥ ገበያው ይሰፋለታል። ነገር ግን መንገድ መሄጃም መምጫም መሆኑን አትርሱ። የአካባቢውን ሩዝ የሚያወጣው ባቡር የውጭውንም ሩዝ ያመጣል። ስለዚህ ገበሬው በምርጥ ዘር፥ በመፈልፈያና በመጋዘን ካልታገዘ፥ ሐዲዱ ከጥቅሙ ይልቅ ተወዳዳሪን ይዞበት ሊመጣ ይችላል።

ለአገርም ቢሆን ጥቅሙ ያለ ዋጋ አይገኝም። ሐዲድ መዘርጋት ከፍ ያለ ገንዘብ ይጠይቃል። የአዲስ አበባ-ጅቡቲ መስመር አብዛኛው ወጪ የተሸፈነው ከቻይና በተገኘ ብድር ነው፤ ብድር ደግሞ ባቡሩ ሠራም ቆመም ይከፈላል። ከውጭ የምናስገባው ዕቃ ወደ ውጭ ከምንልከው ስለሚበዛም፥ ሞልተው የመጡ ፉርጎዎች ባዶአቸውን ይመለሳሉ። ባዶ ፉርጎ ኃይል እየበላ ገቢ አያስገባም። ይህን የሚያስተካክለው ሐዲድ መጨመር ብቻ ሳይሆን፥ በሐዲዱ ዳር የሚላክ ምርት ማብዛት ነው።

በአጠቃላይ የባቡር ሐዲድ የጭነትን ዋጋ ይቀንሳል፤ የተያያዘና የተገጣጠመ ሐዲድ ደግሞ የተለያዩ ገበያዎችን አንድ ያደርጋል። መስመሩ በመካከል ከተቋረጠ፥ ስፋቱ ከተለያየ ወይም የሚጫን ምርት ከጠፋ ግን የተዘረጋው ብረት ዕዳ ሆኖ ይቀራል። የይፋግ ነጋዴዎች አሞሌያቸውን በየማረፊያው ሲያራግፉና ሲጭኑ የከፈሉትን ዋጋ የሚያውቅ ሰው፥ አንድ የባቡር መስመር ሊሠራ ሲታቀድ አስቀድሞ የሚጠይቀው፥ «ከየት ጋር ይገናኛል? ሲመለስስ ምን ይጭናል?» ብሎ ነው።

መልመጃ

1. የአሞሌ ዋጋ ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ለምን ይጨምር ነበር? ሦስቱን ምክንያቶች በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።
2. የሐዲድ ስፋት መለያየት በንግድ ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት ከምንባቡ ሁለት ምሳሌ ጠቅሳችሁ አስረዱ።
3. «መንገድ መሄጃም መምጫም ነው» የሚለው አነጋገር በምንባቡ ውስጥ ምን ለማለት ገባ?
4. በአካባቢያችሁ የሚመረት አንድ ምርት መርጣችሁ፥ ከማሳ እስከ ሸማች የሚያደርገውን ጉዞና በየደረጃው የሚጨመርበትን ወጪ የሚያሳይ የሦስት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።