ጠቋሚው የት ቆሟል?
በስልካችን የጽሑፍ ሳጥን ውስጥ ስለምታርፈው ቀጭን መስመር

አንድ የአዳማ ነጋዴ ሻሸመኔ ለሚገኝ ደንበኛው በስልኩ ገንዘብ ሊልክ ነው እንበል። ሊልክ ያሰበው 12,350 ብር ነው፤ በችኮላ ግን ሁለት አኃዞች ዘሎ 150 ብሎ ጽፏል። ጠቋሚውን በ1 እና በ5 መካከል ያሳርፍና 2ን፣ ቀጥሎም 3ን ይነካል። መተግበሪያው በጥንቃቄ ያልተሠራ ከሆነ በስልኩ መስኮት ላይ የሚወጣው 13,250 ሊሆን ይችላል። ነጋዴው የነካው ትክክለኛውን ቁልፍ ነው፤ ሆኖም 900 ብር አላግባብ ሊወጣበት ነው። ስሕተቱ ከየት መጣ?

በተለምዶ ከርሰር የምንለው ጠቋሚ የሚቆመው በፊደል ላይ ሳይሆን በሁለት ፊደላት መካከል ባለው ክፍተት ነው። ስለዚህ 150ን የመሰለ ባለ ሦስት አኃዝ ጽሑፍ አራት የጠቋሚ ሥፍራዎች አሉት፦ 0፣ 1፣ 2 እና 3። ስልኩ የሚያስታውሰው ይህን ቁጥር ብቻ ነው። ነጋዴው በሥፍራ 1 ላይ ሆኖ 2ን ሲነካ ጽሑፉ 1250 ይሆናል፤ ጠቋሚውም ወደ ሥፍራ 2 ይሸጋገራል። በዚህ ጊዜ መተግበሪያው ንባብን ለማቅለል ነጠላ ሰረዝ ጨምሮ ጽሑፉን 1,250 አድርጎ እንደገና ይጽፈዋል። ሥፍራ 2 አሁን የሚገኘው ከ2 በኋላ ሳይሆን በሰረዙና በ2 መካከል ነው። ቀጥሎ የሚነካው 3 እዚያ ይገባና 13,250 ይሆናል። ጠቋሚው ወደ መጨረሻ ቢዘል ኖሮ ውጤቱ 12,503፣ ወደ መጀመሪያ ቢመለስ ደግሞ 31,250 በሆነ ነበር።

በፊዚክስ ትምህርት ሥፍራ ትርጉም የሚኖረው ከመነሻ ነጥብ አንጻር ብቻ እንደሆነ እናውቃለን። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በአሮጌው መንገድና በፍጥነት መንገዱ የሚጓዙ ሁለት ሰዎች የኪሎ ሜትር ቁጥራቸው አንድ አይሆንም። «ሞጆን አልፌአለሁ» የሚለው አነጋገር ግን ለሁለቱም ይሠራል። መንገዱ ሲለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል፤ የታወቀው ምልክት ግን ባለበት ይኖራል።

መፍትሔውም ከዚህ ይገኛል። መተግበሪያው ጽሑፉን ከመለወጡ በፊት ከጠቋሚው በስተግራ ስንት አኃዞች እንዳሉ ይቁጠር፤ ሰረዙን አይቁጠር። በምሳሌአችን 1 እና 2፣ ማለትም ሁለት አኃዞች አሉ። ጽሑፉ ከተለወጠ በኋላ ከሁለተኛው አኃዝ ቀጥሎ ያለው ሥፍራ 3 ነው፤ ጠቋሚው እዚያ ይቀመጥ። በአንድሮይድ ይህን የሚፈጽመው «ሰትሰሌክሽን» የተባለው ትእዛዝ ነው። ለትእዛዙ ከጽሑፉ ርዝመት የበለጠ ቁጥር ከተሰጠው መተግበሪያው በስሕተት ሊዘጋ ስለሚችል ወሰኑን አስቀድሞ መፈተሽ ይገባል።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ በአዳማም ሆነ በባቱ፣ በአንድ ስልክ በቁቤም በፊደልም የሚጽፍ ብዙ ነው። በቁቤ ሲጻፍ እያንዳንዱ የፊደል ቁልፍ ጠቋሚውን አንድ ሥፍራ ያራምደዋል። በድምፅ ላይ በተመሠረተ የአማርኛ ኪቦርድ «ሰላም» ብለን ስንጽፍ ግን በመስኮቱ ላይ በየተራ የሚታዩት ስ፣ ሰ፣ ሰል፣ ሰላ፣ ሰላም ናቸው። ቁልፍ የተነካው አምስት ጊዜ ሲሆን የተጻፉት ፊደላት ሦስት ናቸው። የአናባቢው ቁልፍ ሲነካ ስ ተነሥቶ ሰ ይተካል እንጂ ጠቋሚው አይራመድም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ የሚደምር መተግበሪያ በአማርኛ ይሳሳታል። በየቁልፉ ጽሑፉን እንደ አዲስ የሚጽፍ መተግበሪያም ኪቦርዱ የጀመረውን ፊደል ሊያቋርጥበት ይችላል፤ ያን ጊዜ አናባቢው ከተነባቢው ጋር መዋሐዱ ይቀርና ለብቻው ይቆማል።

ሌላም ጉዳይ አለ። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል በአንድ ባለ 16 ቢት ክፍል ተመዝግቦ ነበር፤ ይህ ክፍል 65,536 ልዩ ልዩ ቁጥሮችን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኒኮድ 14.0 ለጉራጊኛ የተጨመሩት 28 ፊደላት ግን ከዚህ ወሰን ውጭ በመሆናቸው በአንድሮይድ እያንዳንዳቸው ሁለት ክፍል ይይዛሉ። ጥንቃቄ የጎደለው ፕሮግራም ጠቋሚውን በሁለቱ ክፍሎች መካከል ሊያቆመውና በዚያ ሲደመስስ ፊደሉን ለሁለት ሊሰብረው ይችላል። አንድ ሰው ስሙን በትክክል የመጻፍ መብቱ በዚህች ትንሽ ቁጥር ላይ ሊንጠለጠል ይችላል ማለት ነው።

መተግበሪያ ለመሥራት የምትነሡ ተማሪዎች ሥራችሁን በቁጥሩ መጨረሻ ላይ ብቻ በመጻፍ አትፈትኑት። በ150 መካከል 2ን እና 3ን ጨምሩ፤ በአንድ ቃል መካከል የአማርኛ ፊደል አስገቡ፤ ከዚያም ደምስሱ። ሰው የሚሳሳተውም የሚያርመውም አብዛኛውን ጊዜ መሐል ላይ ነውና ጠቋሚው ሰውየው ካኖረበት ቦታ ንቅንቅ ማለት የለበትም።