3፣ 60 እና ያልተጻፈችው 5

ጓደኞቼ፣ ይህን ሳልነግራችሁ ማደር አልችልም! የአውሮፓ አገሮች ስለ በጀት በተጨቃጨቁ ቁጥር «3 በመቶ» እና «60 በመቶ» ሲሉ ትሰማላችሁ አይደል? የሁለቱ ቁጥሮች ዝምድና አሁን ገና ተገለጠልኝ። ማካፈል የሚችል ሰው ሁሉ ይገባዋል።

ከሥሩ እንነሳ። እ.ኤ.አ. በ1992 የአውሮፓ አገሮች ማስትሪክት በምትባል የኔዘርላንድስ ከተማ ውል ተፈራረሙ። ውሉ ለጋራ ገንዘብ መንገድ ጠረገ። በ1999 ዩሮ በባንክ ሒሳብ ላይ ሥራ ጀመረ፤ በ2002 ኖቱና ሳንቲሙ ሰው እጅ ገባ። የጀርመን ማርክ፣ የፈረንሳይ ፍራንክ፣ የግሪክ ድራክማ ታሪክ ሆነው ቀሩ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! ገንዘቡ አንድ ሆነ እንጂ በጀቱ አንድ አልሆነም። እያንዳንዱ መንግሥት ለብቻው ግብር ይሰበስባል፣ ለብቻው ያወጣል፣ ለብቻው ይበደራል። የአንድ ግቢ ተከራዮች ከሰፈሩ ሱቅ በአንድ የዱቤ ደብተር ሲወስዱ አስቡ። አንዱ ስኳሩንም ዘይቱንም እያበዛ ካስጻፈ ባለሱቁ ፊቱን የሚያጠቁረው በሁሉም ላይ ነው። ስለዚህ ተከራዮቹ «ከዚህ በላይ አናስጽፍ» ይባባላሉ። የማስትሪክቱም ውል ያለው ይህንኑ ነው፦ የመንግሥት የዓመት ጉድለት ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት 3 በመቶ፣ ጠቅላላ ዕዳው ደግሞ 60 በመቶ አይለፍ።

እሺ፣ ግን ለምን 3? ለምን 60? ወረቀት አውጡ!

ዓመታዊ ምርቷ 100 ዩሮ፣ ዕዳዋ 60 ዩሮ የሆነ አገር እንውሰድ። በዓመቱ ምርቷ፣ የዋጋ ጭማሪውን ጨምሮ፣ በ5 በመቶ አደገና 105 ሆነ። መንግሥቷ ደግሞ 3 ዩሮ ጎደለውና ተበደረ፤ ዕዳው 63 ደረሰ። አሁን 63ን ለ105 አካፍሉ።

60 በመቶ! ጉድ እኮ ነው! አገሪቱ ተበድራለች፣ ዕዳዋም ጨምሯል፤ ከምርቷ አንጻር ግን ንቅንቅ አላለም። ምክንያቱን አያችሁት? 3 ማለት የ60 አምስት በመቶ ነው። ዕዳውም ምርቱም እኩል በ5 በመቶ ካደጉ አንዱ ሌላውን አይቀድመውም። ሁለቱን ቁጥሮች አስተሳስራ የያዘቻቸው ሦስተኛዋ ቁጥር፣ ደንቡ ላይ ያልተጻፈችው የዕድገት 5 ናት!

እስቲ እሷን እንነካካት። ዕድገቱ 2 በመቶ ብቻ ይሁን። ምርቱ 102፣ ዕዳው ያው 63። አካፍሉ፦ ወደ 62 በመቶ ጠጋ አለ። መንግሥት የተበደረው ያንኑ 3 ዩሮ ነው፤ ሸክሙ ግን ከበደ።

አሁን የግሪክ ነገር ወለል ብሎ ይታያችኋል። ግሪክ እ.ኤ.አ. በ2001 ዩሮን ስትቀላቀል አበዳሪዎች ለጀርመን ከሚጠይቁት ብዙም ባልራቀ ወለድ ያበድሯት ጀመር። በ2009 መጨረሻ አዲሱ መንግሥት ጉድለቱ ከተነገረው እጅግ የበለጠ መሆኑን አስታወቀ፤ ተጣርቶ ሲያልቅ ከ15 በመቶ በላይ ሆነ። በዚያ ላይ ምርቷ ማደጉ ቀርቶ ይቀንስ ነበር። ከላይ ያለው ቁጥር ሲያብጥ ከታች ያለው ሲኮማተር ውጤቱ የት እንደሚደርስ ገምቱ! የራሷ ድራክማ ቢኖር የምንዛሪውን ዋጋ ዝቅ አድርጋ ዕቃዋን ለውጭ ገዢ ታረክስ ነበር። ያ በር ተዘግቷል። በግንቦት 2010 የዩሮ አገሮችና ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት 110 ቢሊዮን ዩሮ ሊያበድሯት ተስማሙ።

ደንብ ብቻውን አይጠብቅም ማለት ነው። በ2003 ጀርመንና ፈረንሳይ ራሳቸው 3 በመቶን አልፈው ሳይቀጡ ቀርተዋል። ደንቡ የሚጸናው ዕድገቱም ቃሉም ሲጸኑ ነው።

ይህ ስሌት ወደ እኛም ሰፈር ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 ጎረቤታችን ኬንያ ከኡጋንዳ፣ ከታንዛኒያ፣ ከሩዋንዳና ከብሩንዲ ጋር ካምፓላ ላይ የጋራ ገንዘብ ለመፍጠር ስትፈራረም፣ ጣሪያው ለጉድለት 3፣ ለዕዳ 50 በመቶ ሆነ። የዕዳው አለካክ ከአውሮፓው ይለያል፤ ሆኖም 3ን ለ50 አካፍሉ፤ 6 በመቶ! እንዲህ ያለ ደንብ በሰማችሁ ቁጥር ትንሹን ቁጥር ለትልቁ አካፍሉ። ከዚያም አገሮቹ በየዓመቱ ይህን ያህል ማደግ ይችሉ እንደሆነ ጠይቁ።