ሻሚሴን፦ ሆን ተብሎ የሚነዝር ክር

ጊታር ተጫዋች ክሩ አንገቱ ላይ ካሉት ብረቶች ጋር እየተጋጨ «ዝዝ» ሲልበት መሣሪያውን ይዞ ወደ ጠጋኝ ይሄዳል። የጃፓኑን ባለሦስት ክር ሻሚሴን የሚጫወት ሰው ግን የሚያሳስበው ዝዝታው ሲጠፋበት ነው።

ነገሩ ያለው አንገቱ ጫፍ ላይ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ክር በትንሽ የብረት ድጋፍ ላይ ያርፋሉ። ወፍራሙ አንደኛ ክር ግን ከድጋፉ ውጭ ያልፋል፤ ከሥሩ ያለው እንጨት በጥቂቱ ተቦርቡሮ ጠርዝ ይተውለታል። ክሩ በተመታ ቁጥር ይህን ጠርዝ ነካ ነካ እያደረገ ይርገበገባል። ጃፓኖች ሳዋሪ የሚሉት ድምፅ ይኸው ነው።

ማንኛውም ክር ሲመታ አንድ ድምፅ ብቻ አያወጣም። ከመሠረታዊው ጋር ንዝረታቸው ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እጥፍ የሆነ ቀጫጭን ድምፆች አብረው ይወጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚጠፉትም እነሱ ናቸው። እዚህ ግን ክሩ ጠርዙን በነካ ቁጥር ከዝቅተኛው ንዝረት ጉልበት ተቀንሶ ወደ ቀጫጭኖቹ ይተላለፋል። ስለዚህ ድምፁ እየደከመም ቢሆን አይደበዝዝም። በገና የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም፤ በበርኩማውና በአውታሩ መካከል የሚገቡት የቆዳ እንዝራዎችም የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው።

ሳዋሪ ሌላም ጥቅም አለው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይኼ ነው። ሆንቾሺ በሚባለው ቅኝት ሦስተኛው ክር ከአንደኛው አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል። ሦስተኛው ብቻ ሲመታ፣ ቅኝቱ ልክ ከሆነ ማንም ያልነካው አንደኛው ክር በሬዞናንስ ተነሥቶ ጠርዙን እየነካ ይነዝራል። ቅኝቱ ትንሽ ከተዛነፈ ምላሹ ይዳከማል። መሣሪያው መቃኘቱን ራሱ ይናገራል ማለት ነው።

ሻሚሴን የዘር ሐረጉ ከቻይናው ሳንሺየን ይጀምራል። በኦኪናዋ የዘንዶ ቆዳ የለበሰው ሳንሺን ሆነ፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ደግሞ በኦሳካ አጠገብ ወዳለችው የሳካይ ወደብ ደረሰ። እዚያ የተቀበሉት ቢዋ የሚባለው ሌላ ባለክር መሣሪያ ተጫዋቾች ነበሩ፤ ቢዋም የራሱ ሳዋሪ አለው። ትልቁን መምቻ፣ ባቺን፣ ያመጡለትም እነሱ ናቸው። የዘንዶው ቆዳ በድመትና በውሻ ቆዳ ተተካ። ባቺው ክሩን አልፎ ቆዳውን ስለሚመታ ሻሚሴን ክር ብቻ ሳይሆን ከበሮም ነው። ቆዳው እስከ መቀደድ አፋፍ ድረስ ይወጠራል፤ እርጥበት ሲበዛበት በእርግጥም ይቀደዳል። ዛሬ ብዙዎች ሰው ሠራሽ ቆዳ የሚመርጡት በዚህም ምክንያት ነው።

መስማት የምትሹ በሰሜን ጃፓን ከአኦሞሪ አካባቢ በወጣው የትሱጋሩ ስልት ጀምሩ፤ በተለይ በልጅነቱ አብዛኛውን የዓይን ብርሃኑን ባጣው በታካሃሺ ቺኩዛን (1910–1998) ቅጂዎች። ብቻ ዝዝታውን ስትሰሙ ቀረጻው ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳታጠፉት።